ዘፈን ከሆነ አንወጣም፣ መዝሙር ከሆነም አንወጣም

የሙዚቃ ክበብ አስተባባሪ፦
ሰላም ወላጆችና መምህራን። የወላጆች በዓል ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። የኅብረ ዜማ ቡድናችን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል 34 ልጆች አሉት። ሦስት ሥራ ማቅረብ አለብን፤ እስካሁን አንዱም አልተመረጠም። ባለፈው ሳምንት አንድ የታወቀ የድሮ የፍቅር ዘፈን ይዤ ገባሁ። ስድስት ልጆች «ቲቸር፣ እኛ ዘፈን አንዘፍንም» ብለው ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በነጋታው «እሺ፣ መዝሙር መሰል ነገር ይሁን» ስል ደግሞ ሌሎች አራት «መዝሙር ከሆነ ቤተሰብ አይፈቅድም» አሉኝ። ምን ይሻላል? ሐሳባችሁን ጻፉልኝ። ድምፅ ቀድታችሁ አትላኩ፣ ካርዴን ትጨርሱታላችሁ።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
ከስድስቱ የአንዷ እናት ነኝ። እኛ ቤት ዘፈን አይከፈትም። ገላትያ 5፥21 ላይ «ዘፋኝነት» ከስካር ቀጥሎ ነው የተጻፈው። ልጄ እሁድ እሁድ ኳየር ታገለግላለች፣ ድምፅ አላት። መድረክ ላይ ባያት ደስታዬ ነው። የፍቅር ዘፈን ግን ይቅርብን።

የአማርኛ መምህር፦
ይህ ጠብ ግማሹ የቃል ጠብ ነው። በግዕዝ «ዘፈነ» ማለት ጨፈረ፣ አሸበሸበ ማለት ነው። እርስዎ የጠቀሱት ጥቅስም ግሪክኛው መጠጥና ፈንጠዝያ ያለበትን ግብዣ ነው የሚያመለክተው እንጂ ዜማ ማውጣትን አይደለም። በሌላ በኩል ጠዋት ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል የምንዘምረውን «ብሔራዊ መዝሙር» እንላለን፤ ማንም ቤተ ክርስቲያን ትዝ አይለውም። ችግራችን በሁለቱ መካከል የሚቆም ቃል ማጣታችን ነው።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
መምህር፣ አክባሪዎ ነኝ። ልጄን የማሳድገው ግን በግሪክኛ አይደለም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ አባት፦
ነገሩን አታወሳስቡት። የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጥ ይላል። ስለዚህ መዝሙርም ነሺዳም መንዙማም መድረክ ላይ አይወጣም። የቀረው ዘፈን ነው። የማይፈልግ ልጅ ወንበር ይደርድር።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ አባት፦
ወንድሜ፣ «ወንበር ይደርድር» አይባልም። 10 ልጅ ቢወጣ ከ34 ምን ይቀራል? እኔ ልጄ መንዙማ ያቅርብልኝ አላልኩም። የማንም አምልኮ ያልሆነ፣ ማንንም የማያሳፍር ነገር ፈልጉ ነው የምለው። የፍቅር ዘፈንም ቢሆን 15 ዓመት ልጅ አያቶቹ ፊት ቆሞ ስለ ከንፈርና ስለ ዳሌ ሲዘፍን ለኔም ይከብደኛል። እሱስ አፍሮ መሬት መሬት ነው የሚያየው።

የቀድሞ ተማሪ፦
ሆያ ሆዬና አበባየሆሽ እያሉ ምን አስጨነቃችሁ? ሁሉም ያውቃቸዋል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው «ሆ» ይላል። አበባየሆሽ ላይ «ለምለም» የሚለው ተቀባይ ተሠርቶ የተቀመጠ ኅብረ ዜማ ነው። ወንዶቹ አንዱን፣ ሴቶቹ ሌላውን ይዘው አለቀ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ አያት፦
በሰኔ ሆያ ሆዬ? ቡሄ ነሐሴ 13 ነው የኔ ልጅ። አደይ ሳይፈነዳ አበባየሆሽ ማለትስ ምን ይሉታል? ደግሞ ደብረ ታቦር በዓል ነው፣ የመድረክ ማሟሟቂያ አይደለም።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ አባት፦
እማማ፣ ስለ ወቅቱ እውነትዎን ነው። ግን እኔ መርካቶ ነው ያደግኩት። ከሰፈር ልጆች ጋር ዱላ እየመታሁ ሆያ ሆዬ ብያለሁ። እናቴ ሙስሊም ናት፣ ደጃችን ለሚመጡት ልጆች ሳንቲም አዘጋጅታ ትጠብቅ ነበር። «ቡሄ በሉ» የሚለው መዝሙር ነው፣ እሱን አልነካም። ሆያ ሆዬ ግን የሰፈር ነው።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
ለኔ ሁለቱም አንድ ናቸው።

የሒሳብ መምህር፦
ከውጭ እንውሰድና እንገላገል። የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ መዝሙር የመጀመሪያ ክፍል የሆነው ዜማ አለ፣ ኤኖክ ሶንቶንጋ በ1897 እ.ኤ.አ. የደረሰው። የታንዛኒያም ዜማ እሱ ነው። ለአራት ድምፅ ይሆናል፣ አፍሪካዊ ነው፣ ማንም አይቀየምም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ አባት፦
ጸሎት ነው እኮ! «እግዚአብሔር አፍሪካን ይባርክ» ነው የሚለው። በመስኮት ያስወጣነውን በበር ልታስገባው ነው?

የሒሳብ መምህር፦
አገር ሙሉ በየስታዲየሙ ይዘምረዋል። ለማንኛውም፣ በቃ ተውኩት።

በሌላ ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር፦
እስካሁን ስለ ግጥም ብቻ ነው የተከራከራችሁት። ስለ ልጆቹ ጉሮሮ የጠየቀ የለም። የወንዶች ድምፅ ሲጎረንን አንድ ኦክታቭ ያህል፣ ማለትም ከአንዱ «ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ» ነው የሚወርደው። 9ኛ ክፍል ላይ ይህን የጨረሰ፣ መሀል ላይ ያለና ገና ያልጀመረ ልጅ ጎን ለጎን ይቆማሉ። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ከዩቲዩብ ካራኦኬ እናወርዳለን። ካራኦኬው የተሠራው ለአንድ ታዋቂ ዘፋኝ ድምፅ ነው። ወንዶቹ ላይኛው ላይ ይጮኻሉ፣ ሴቶቹ ታችኛው ላይ ይጠፋሉ። ከዚያ «ልጆቹ አይችሉም» እንላለን።

እኔ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው የዜማውን ስፋት ነው። ከኦክታቭ ብዙ ካለፈ አልነካውም። ቀጥሎ ቅኝቱን፣ ማለትም ዜማው የቆመባቸውን አምስት ድምፆች አያለሁ። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት በአምስቱ ድምፆች መካከል የጠበበ የግማሽ ድምፅ ርቀት የለውም። ስለዚህ አንዱ ቡድን ጀምሮ ሌላው ሁለት ስንኝ ቆይቶ ቢገባ ጆሮ አይቆረቁርም። ለጀማሪ ቡድን ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም። አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ግን እንዲህ ያሉ የጠበቡ ርቀቶች ሁለት አሉት። ሲደራረብ ይጋጫል፤ እሱን በአንድ ዜማ ቢዘፍኑት ይሻላል። ደግሞ አራት ድምፅ ካልሆነ ኅብረ ዜማ አይባልም የሚል ሕግ የለም። ከያሬድ ዜማ እስከ ሠርግ ዘፈን የኛ ነገር አንድ ዜማ በኅብረት ወይ አውጪና ተቀባይ ነው።

የሽሮሜዳ ወላጅ፦
«የኛ» ያልከው የማንን ነው? እኔ የዶርዜ ልጅ ነኝ። ጋሞ ደጋ ላይ ጨንቻ አካባቢ ለመስቀል ሲዘፈን ብትሰማ ይህን አትልም። አንዱ ይመራል፣ ሌላው ከላይ ቀጭን ያወጣል፣ ሌላው ከታች ይይዛል፣ ሁሉም የተለያየ ነገር እያለ አንድ ይሆናል። ከፈረንጅ የተማርነው አይደለም። የውጭ አጥኚዎች ግን መጥተው ቀድተውታል። እዚህ ሽሮሜዳ ሸማ ሠሪ አባቶች ሞልተዋል። ጥሯቸው፣ ለልጆቹ ያሳያሉ።

በሌላ ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር፦
ተቀጥቻለሁ። እውነት ነው፣ ደጋግሜ የምሳሳተው ነገር ነው። ስድስት ሳምንት ግን ለዚያ አይበቃም፤ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል እንጂ እነሱ ከልጅነታቸው የለመዱት ነው።

የሽሮሜዳ ወላጅ፦
ዘንድሮ ባይሆን ለሚቀጥለው ዓመት ይጀመር።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦
ይቅርታ፣ እኔ እዚህ የገባሁት በእናቴ ስልክ ነው። ማንም እኛን አልጠየቀንም። ዘፈን አንዘፍንም ካሉት ስድስት ልጆች አንዷ ግጥም ጽፋለች። ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ወንድሟ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዶ ሊፈተን ሻንጣ ሲያዘጋጅ አይታ ነው የጻፈችው። መጀመሪያው እንዲህ ነው፦

እርሳስ ቀርጬ ሻንጣ ይዤ ልወጣ ነው ከሰፈር፣
እማ በር ላይ ቆማለች ሳትናገር ስትናገር።

ዜማውን በእረፍት ሰዓት አብረን ነው ያወጣነው። ትዝታ ይመስለኛል። ሁለተኛውን አንቀጽ አንድ ልጅ በአፋን ኦሮሞ ጽፎታል፤ ለማይችሉት አነባበቡን እሱ ያስጠናል። ዘፈንም መዝሙርም አንለውም። «ግጥም በዜማ» ነው የምንለው።

የአማርኛ መምህር፦
መሀል የሚቆመው ቃል ተገኘ ማለት ነው። እኔ ግማሽ ገጽ ስጽፍ ልጆቹ ጨርሰውታል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ አባት፦
ተማሪ የጻፈው ግጥም ጥሩ ነው፣ ግን ደረጃውስ? በዓል ነው እኮ፣ እንግዳ ይመጣል። ሰው የሚያውቀው ዘፈን ሲሆን ነው አዳራሹ የሚሞቀው።

የቀበሌ ኪነት የነበርኩ፦
ስለ ሞቀ አዳራሽ ልንገርህ። በደርግ ጊዜ ኪነት፣ የቀበሌው የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ነበርኩ። የሶሻሊስቶቹን መዝሙር ኢንተርናሲዮናልን በአማርኛ ግራ እጃችንን ጨብጠን አንስተን ስንዘምር አዳራሹ ይነቃነቅ ነበር። 16 ዓመቴ ነው። ግጥሙ ምን እንደሚል አላውቅም። ጎኔ የቆመው ልጅ ወንድሙ የታሰረበት ነበር፤ እሱም አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፅ ግን አያወጣም። እስከ ዛሬ መዘምራን ባየሁ ቁጥር አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅሰውን ልጅ ነው የምፈልገው። ይቺ የሻንጣ ግጥም ለኔ በቂዬ ናት።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
ግጥሙን የጻፈችው ልጄ ናት መሰለኝ። ወንድሟ ባለፈው ዓመት ነው የተፈተነው። ለኔ ምንም አልነገረችኝም። ሙሉውን ላንብበውና ከዚያ ትውጣ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ አያት፦
በር ላይ የቆመችው አንቺ ነሽ ማለት ነዋ።

የሙዚቃ ክበብ አስተባባሪ፦
እሺ፣ አንዱ ተገኘ። ሁለተኛው ሆያ ሆዬ ይሁን አይሁን አልተስማማንም፤ እማማ ወቅቱን ያሉት ነገር እኔንም ገብቶኛል። ምናልባት ለመስከረም መክፈቻ ይዘነው እንቆያለን። ሦስተኛው ገና ባዶ ነው፣ የፍቅር ዘፈኑን ግን ከዝርዝሩ አውጥቼዋለሁ። አባት፣ ይቀየሙኝ ይሆናል። ካራኦኬ አይኖርም፤ አንድ ክራርና አንድ ከበሮ ይበቃናል። ልምምድ ቅዳሜ 3 ሰዓት።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦
ቲቸር፣ መጀመሪያውን ስንኝ የሚያወጣው ያ 9ኛ ክፍሉ ልጅ ነበር። ትናንት ግን ድምፁ መሀል ላይ ተሰነጠቀበት። ዝቅ አድርገን እንጀምር ወይስ ሌላ ሰው ያውጣ?