«ደብረ ብርሃን ራሷ ማቀዝቀዣ ናት» ስለተባለው ግዢ

የጠባሴው፦
የግዢ ኮሚቴው ትናንት ማታ የላከውን መልእክት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለወጣቶች ሥልጠና በመዋጯችን የሚገዙት ስድስት የጌም ላፕቶፖች ቀጫጭኖቹ ይሁኑ ተብሏል። ምክንያቱ ደግሞ «ስለ ሙቀት አታስቡ፤ ደብረ ብርሃን ራሷ ማቀዝቀዣ ናት» የሚል ነው። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር የስንት ሰው ገንዘብ ሊወጣ ነው? የላፕቶፕ ማቀዝቀዣ የክፍሉ ብርድ አይደለም። ሙቀቱን ምስል ከሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ላይ የሚያነሣው የመዳብ ቱቦና አየሩን የሚገፋው ማራገቢያ ነው። አካሉ በቀጠነ ቁጥር ደግሞ ለሁለቱም ቦታ ይጠባል።

አስተባባሪው፦
ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እቆምለታለሁ። ክፍሉ ከሌላው አገር በ10 ዲግሪ ከቀዘቀዘ ካርዱም በዚያው መጠን ቀዝቀዝ ብሎ ይሠራል፤ ይህ ፊዚክስ ነው። ሌላው ነገር፣ አሠልጣኞቻችን ዕቃውን ይዘው መንዝ መሐል ሜዳ ይወጣሉ፣ ሸዋ ሮቢት ይወርዳሉ። ቀጭኑ ላፕቶፕ፣ የ2024ቱ ዜፊረስ ጂ14፣ 1.5 ኪሎ ነው። እናንተ የምታወድሱት ወፍራሙ ሌጂየን 5 ወደ 2.4 ኪሎ ይደርሳል፤ ቻርጀሩ ሳይጨመር። ቅጥቅጥ አውቶቡስ ላይ ጭናችሁ ታውቃላችሁ? ዕቃውን ከላይ አስረው ነው የሚጭኑት፤ ላፕቶፕ ግን ጭን ላይ ነው የሚጓዘው።

ጠጋኙ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልናገር። በደብረ ብርሃን ላፕቶፕ ስጠግን ስድስተኛ ዓመቴ ነው፤ በሙቀት ምክንያት የሚመጣልኝ ከሁሉም የሚበዛው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በብርድ ወራት! ለምን ይመስልዎታል? ሰው ሲበርደው አልጋው ላይ ይወጣል፣ ጋቢ ይደርባል፣ ላፕቶፑንም ጋቢው ላይ ያስቀምጠዋል። የአየር መሳቢያው ያለው ከሥር ነው፤ ጋቢው ድፍን አድርጎ ይዘጋዋል። ባለፈው ሳምንት የአንድ ተማሪ ቀጭን ላፕቶፕ ከፈትኩ። በማራገቢያውና በመዳቡ ክንፎች መካከል ያለው ቀዳዳ በብናኝ ጠቅጥቆ ነበር። በመቆንጠጫ ስስበው እንደ ባና ቁራጭ አንድ ላይ ተያይዞ ወጣ፤ ጠረጴዛው ላይ ሳኖረው ቅርጹን እንኳ አልለቀቀም። ልጁ «እኔ እኮ ቀዝቃዛ ከተማ ነው የምኖረው» አለኝ። ልክ እንደ እርስዎ።

አስተባባሪው፦
ጋቢ ላይ ማስቀመጥ የተጠቃሚው ጥፋት ነው። ማዕከሉ ጠረጴዛ አለው።

የጠባሴው፦
አሁን ደግሞ ከ«ማቀዝቀዣ ናት» ወደ «ጠረጴዛ አለው» መጣን። የቱን ነው የምንይዘው?

መካኒካል መሐንዲሷ፦
ስለ ፊዚክስ ከተነሣ ሙሉውን እንየው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም በክንፎቹ መካከል የሚያልፈው አየር በክብደት ያንኑ ያህል ያነሰ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ብርዱ የሰጠንን፣ ስሱ አየር መልሶ ይወስደዋል። ብዙ አምራቾች ላፕቶፖቻቸው የሚሠሩበትን ከፍታ እስከ 3,000 ሜትር አካባቢ ብለው ይገድባሉ፤ መሐል ሜዳ ደግሞ ከዚያ በላይ ናት። ስለዚህ «ማቀዝቀዣ ናት» የሚለው ቃል ግማሹን ብቻ ቆጥሮ የተባለ ነው።

የሸዋ ሮቢቷ፦
እኔን ያበሳጨኝ ደግሞ ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ማቀዝቀዣ ከሆነች እኛ ምንድን ነን? መዋጮው የሰሜን ሸዋ ነው ተብሎ ነው ከኪሳችን ያወጣነው። እዚህ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ቤት ውስጥ ተቀምጠን እንኳ እናልባለን። ዕቃው ወደ እኛ ሲወርድ የማን ብርድ ሊያቀዘቅዘው ነው? ከጣርማ በር ቁልቁለቱን ይዘውት ሲመጡ ብርዱን በከረጢት ይዘው ይመጣሉ ወይ?

የመንዙ፦
እህቴ፣ ስለ ሸዋ ሮቢት የተናገርሽው እውነት ነው። መንዝን ግን ማንም አልጠየቀውም። እኔ ከመኪና መንገዱ እስከ ትምህርት ቤቱ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሬ እሄዳለሁ። 2.4 ኪሎ ላፕቶፕና ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቻርጀር ለሁለት ቀን ተሸክሜያለሁ፤ ትከሻዬ ላይ ያለውን ጠባሳ የማያይ ሰው ነው ስለ መዳብ ቱቦ የሚያወራው። በመሸከሙ ጉዳይ እኔ ከአስተባባሪው ጋር ነኝ።

አንድ አባል፦
እስኪ እኔ ሌላ ልጠይቅ። ለሥልጠና የጌም ላፕቶፕ ለምን አስፈለገ? ልጆቹን ጨዋታ ልናስተምር ነው ወይ?

የአኒሜሽን ሠልጣኝ፦
አባባ፣ ብሌንደር በሚባለው የአኒሜሽን ፕሮግራም ላይ አንድ ትዕይንት አዘጋጅቼ ወደ ምስል ስቀይር የሚሠራው ያው የጨዋታው ግራፊክስ ካርድ ነው። በተራ ላፕቶፕ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጀው ሥራ በዚህ በሰዓታት ያልቃል። ጨዋታ አፍቃሪዎች የሚገዙት ዕቃ ስለሆነ ነው ስሙ እንዲህ የተባለው። እንዲያውም ምስል ማውጣት ከጨዋታ ይበልጥ ይከብደዋል፤ ካርዱ ያለ ዕረፍት ለሰዓታት ስለሚሠራ ሙቀቱ የሚታየው ያኔ ነው።

የጠባሴው፦
ይኸው! ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ኮሚቴው «አርቲኤክስ 4070 አለው» ብሎ የካርዱን ስም ብቻ ጻፈ። ስሙ ካርዱ ስንት ዋት ኃይል እንደሚያገኝ አይናገርም። በፈረንጆቹ 2017 የካርዱ አምራች ኤንቪዲያ ለቀጫጭኖቹ ማክስ ኪው የሚል መለያ አውጥቶ ነበር፤ ያኔ ገዢው የካርዱ ኃይል የተቀነሰ መሆኑን ከስሙ ያውቅ ነበር። ከ2021 ወዲህ መለያው ከካርዱ ስም ወጣ። ዛሬ 4060 የሚባለው አንዱ ላፕቶፕ ላይ በ35 ዋት፣ ሌላው ላይ በ115 ዋት ይሠራል፤ ሁለቱም 4060 ተብለው ይሸጣሉ። አስተባባሪው የጠቀሱት ዜፊረስ ቢበዛ 90 ዋት ነው የሚሰጠው። ሌጂየኑ 140 ይደርሳል። 4070ውም እንደ 4060ው ያው 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ነው ያለው። ታዲያ ለስሙ ነው የምንከፍለው?

አስተባባሪው፦
ወንድሜ፣ አሁን አንተ ግማሹን ቆጠርክ። 4070 ብዙ ኮር (የማስሊያ ክፍል) ስላለው በአነስተኛ ዋትም ከ4060 ይሻላል። ኮር በበዛ ቁጥር በዝግታ ሠርቶ ኃይል ይቆጥባል። ደግሞ ከ90 ወደ 140 ዋት ስትሄድ የምታገኘው ፍጥነት በዋቱ ልክ አይጨምርም፤ የመጨረሻዎቹ ዋቶች ሙቀት ናቸው። ይህን መካኒካል መሐንዲሷ ታውቀዋለች።

መካኒካል መሐንዲሷ፦
አውቀዋለሁ፤ ልክ ነው። ይህ የኤሌክትሮኒክስ ክርክር ነው፣ ጥሩም ክርክር ነው። እርስዎ ግን በመልእክትዎ ላይ ይህን አልጻፉም። የጻፉት «ደብረ ብርሃን ራሷ» የሚል ነው።

ጠጋኙ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የዜፊረሱ ዋና ሜሞሪ (ራም) ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ቢበላሽ አውጥቼ ልቀይረው አልችልም። የወፍራሞቹ ይነቀላል። ማራገቢያ ለማጽዳትም ወፍራሙን በሩብ ሰዓት እከፍተዋለሁ። እነዚህን ስድስት ላፕቶፖች ሲበላሹ የምጠግነው እኔ ነኝ፤ ኮሚቴው ግን አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

የመንዙ፦
አንተ በሱቅህ ተቀምጠህ ትጠግናለህ። የምሸከመው እኔ ነኝ፤ እኔንም አልጠየቁኝም።

የሸዋ ሮቢቷ፦
እኛንም።

አስተባባሪው፦
ቅዳሜ በማዕከሉ ተገናኝተን ድምፅ እንስጥ። ሁለቱንም ዓይነት አንድ አንድ ለማየት ከነጋዴው ጋር እየተነጋገርኩ ነው። ቃሉን ግን አላነሣውም፤ የተወለድኩባት ከተማ ቀዝቃዛ ናት።

የጠባሴው፦
እኔም የተወለድኩት እዚሁ ነው፤ ብርዷን አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ላፕቶፖቹን ሲያመጡ ብሌንደር ተጭኖባቸው ይምጡ። አንድ ሰዓት ሙሉ ምስል እናስወጣቸው፤ በስድሳኛው ደቂቃ ዋቱ ስንት ላይ እንደሚቆም እናያለን።

የመንዙ፦
ሚዛንም ይምጣ። ከነቻርጀሩ።