የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጸሐፊዎች የሣሏቸውን ሴቶች እንዴት ልተንትን?

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጸሐፊዎች የሴቶችን ድርሻ እንዴት እንደሣሉት ይመለከታል። «ሴቶቹ የባህል ጠባቂዎች ናቸው» ብዬ የጻፍኩትን ምዕራፍ አማካሪዬ «የትኛው ሕዝብ? የትኛዋ ሴት?» የሚል ማስታወሻ ኅዳጉ ላይ አስፍረው መለሱልኝ። ከየት ልጀምር?

የመጀመሪያ መልስ፦ አማካሪዎ ልክ ናቸው። ዳኮታ፣ ኦጂብዌና ላጉና ፑብሎ የየራሳቸው ቋንቋና የዝምድና ሥርዓት ያላቸው ሕዝቦች ናቸው። ላጉናዎች የዘር ሐረግን የሚቈጥሩት በእናት በኩል ስለሆነ፣ በላጉናዋ ጸሐፊ በሌስሊ ማርሞን ሲልኮ «ሴረሞኒ» (እ.ኤ.አ. 1977) ልብ ወለድ ውስጥ አያትና አክስት ቤቱን ሲያዝዙ ብናይ ሊገርመን አይገባም።

ሁለተኛ መልስ፦ እኔ ብሆን «ባህል ጠባቂ» የሚለውን ሐረግ ትቼ እጆቻቸውን እመለከት ነበር። የያንክተን ዳኮታዋ ዚትካላ-ሻ (1876–1938) በ1900 ባወጣችው የልጅነት ትዝታ እናቷ ቆዳውን በወስፌ እየበሳች፣ ጥቃቅን ዶቃዎችን በጅማት ክር አንድ በአንድ ትሰካለች። ልጅቱ የራሷን ንድፍ እንድታወጣ ትፈቅድላታለች፤ ንድፉ ሚዛኑን ሲስት ግን ትዕግሥት የላትም። ይህን ነጮች በሚያስተዳድሩት አዳሪ ትምህርት ቤት ፀጉሯ በግድ ከተቈረጠበት ትዕይንት ጋር ጎን ለጎን ያንብቡት። እናቷ በጠላት እጅ ፀጉሩ የሚቈረጠው የተማረከ ደካማ ተዋጊ ብቻ እንደሆነ አስተምራት ስለነበር፣ መቀሱ የሚቈርጠው ከእናቷ የወረሰችውን ትምህርት ጭምር ነው።

ሦስተኛ መልስ፦ ማን እንደሚተርክም ይጠይቁ። በሉዊዝ ኤርድሪክ «ትራክስ» (1988) ልብ ወለድ ፍለር የተባለችው የኦጂብዌ ሴት የታሪኩ እምብርት ሆና ሳለ አንድም ምዕራፍ አትተርክም፤ የምናውቃት እርስ በርስ በማይስማሙት በሽማግሌው ናናፑሽና በፖሊን አንደበት ብቻ ነው። ይህን «ሴቲቱ ድምፅ ተነፈገች» ብሎ መደምደም የችኮላ ንባብ ይመስለኛል። ናናፑሽ የሚተርከው ለፍለር ልጅ ስለሆነ፣ ትረካው ራሱ ከእናቷ የራቀችን ልጅ ወደ እናቷ ለመመለስ የሚደረግ ልመና ነው።

ጠያቂዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በዶቃውና በፀጉሩ እጀምራለሁ። ግን ትዝታንና ልብ ወለድን በአንድ ምዕራፍ ማነጻጸር ይፈቀዳል?

ሁለተኛ መልስ ሰጪ፦ ይቻላል፤ ለማን እንደተጻፉ ለይተው እስካሳዩ ድረስ። የዚትካላ-ሻ ትዝታ መጀመሪያ የወጣው «አትላንቲክ መንዝሊ» በተባለው መጽሔት ሲሆን፣ አብዛኞቹ አንባቢዎቹም ያን ትምህርት ቤት በበጎ ዓይን ሊያዩ የሚችሉ ነጮች ነበሩ።