ዋልታ ላይ በበጋ ፀሐይ 24 ሰዓት እያለች ለምን አይሞቅም? (ለ8ኛ ክፍል ትምህርት)

መምህር_ከጅማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ምድር ወገብ አካባቢ የሚሞቀው፣ ዋልታዎች የሚቀዘቅዙት ለምን እንደሆነ በቅርቡ እንማራለን። «ጨረሩ ቀጥ ብሎ ስለሚያርፍ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን ልጆቹን አያሳምናቸውም። ሁሌ የሚነሱት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። ምድር ወገብ ለፀሐይ ስለሚቀርብ አይደለም ወይ? ዋልታ ላይ በበጋ ፀሐይ የማትጠልቅ ከሆነ ለምን አይሞቅም? እኛስ ለምድር ወገብ ይህን ያህል ቀርበን ለምን እንደ ጋምቤላ አይሞቀንም? ላብራቶሪ የለንም። በክፍል ወይም በግቢ ውስጥ ሊታይ የሚችል ነገር ካለ ከነልኬቱ ብትነግሩኝ።

ጨረር_እና_ጥላ፦
መምህር፣ የርቀቱን ጉዳይ በቁጥር ይዝጉት። ምድር ከፀሐይ በአማካይ 150 ሚሊዮን ኪ.ሜ ትርቃለች። ከመሬት እምብርት እስከ ገጽዋ ያለው ግን 6,370 ኪ.ሜ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ምድር ወገብ ከዋልታ ይልቅ ለፀሐይ «ይቀርባል» ቢባል እንኳ ልዩነቱ ከመቶ 0.004 ገደማ ነው፤ ምንም አያሞቅም። ይበልጥ የሚያሳምናቸው ደግሞ ይህ ነው፦ ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሲሆን ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪ.ሜ ነው፤ አውሮፓ በብርድ የሚንቀጠቀጠው ልክ ያኔ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ 152 ሚሊዮን ኪ.ሜ ስትርቅ እነሱ በጋ ላይ ናቸው።

ዋናው ነገር ማዕዘኑ ነው። ያው ሊጥ ሰፊ ምጣድ ላይ ሲፈስ እንጀራው እንደሚሳሳ፣ ያው ጨረርም አግድም ሲያርፍ ሰፊ መሬት ላይ ይሳሳል። ይህን በእጅ ባትሪ ማሳየት ይቻላል።

ባትሪውን የሶፍት ጥቅልል ካርቶን ውስጥ ከትተው ወንበር ላይ በፕላስተር ይጠፍሩት። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ወረቀት ጠንካራ ካርቶን ላይ ለጥፈው ከካርቶኑ አፍ 20 ሳ.ሜ ላይ ያቁሙ። ክፍሉን ያጨልሙ። መጀመሪያ ወረቀቱ ከጨረሩ ጋር 90 ዲግሪ ይሁን፤ ልጆቹ የብርሃኑን ዳር በእርሳስ ከበው ካሬዎቹን ይቁጠሩ። ቀጥሎ ወረቀቱን ወደ 30 ዲግሪ ያዘንብሉ፤ ካሬዎቹ እጥፍ ይሆናሉ። 10 ዲግሪ ላይ ከሞላ ጎደል 6 እጥፍ ይደርሳሉ፣ ወረቀቱ ከበቃ።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ፣ ባትሪውን ማንቀሳቀስ ነው። ርቀቱ አብሮ ስለሚቀየር ልጆቹ «ስለራቀ ነው የደከመው» ይላሉ፤ ልናጠፋው የተነሳነው ስህተት ተመልሶ ይመጣል። ባትሪው ይቁም፣ ወረቀቱ ብቻ መሐሉ ላይ ይዙር። ሁለተኛው፣ ፕሮትራክተሩን በተሳሳተ በኩል ማንበብ ነው። 30 ዲግሪው በጨረሩና በወረቀቱ መካከል መሆን አለበት። ከቀጥታ ቋሚው ከለኩት ካሬው የሚጨምረው ከመቶ 15 ገደማ ብቻ ነው። ውጤቱ 2 መሆኑ ቀርቶ 2.3 ምናምን ከሆነ አይጨነቁ፤ የባትሪ ብርሃን እየሄደ ይበተናል፣ የፀሐይ ጨረር ግን ትይዩ ሆኖ ነው የሚደርሰን።

ቱምቢ፦
በግቢ ውስጥ ደግሞ ዘንግ ይትከሉ። 1 ሜትር ቀጥ ያለ ብረት ወይም እንጨት፣ ከመሬት በላይ ልክ 1 ሜትር። ቀጥ ማለቱን በቱምቢ፣ መሬቱን በውሃ ልክ ያረጋግጡ።

ጅማ በሰሜን ኬክሮስ 7.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ ሚያዝያ 1 እና ነሐሴ 28 ገደማ። ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ የዘንጉ ጥላ እግሩ ሥር ይጠፋል። ታኅሣሥ 12 ላይ ጥላው 60 ሳ.ሜ ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ሰኔ 14 ላይ ወደ ደቡብ ይዞራል፣ 28 ሳ.ሜ። ጥላው አቅጣጫ መቀየሩን ልጆቹ በዓይናቸው ቢያዩት ሐሩር ክልል ምን ማለት እንደሆነ አይረሱትም። 80 ዲግሪ ሰሜን ላይ ያው ዘንግ መጋቢት 12 ገደማ፣ በእኩለ ቀን እንኳ፣ 5.7 ሜትር ጥላ ይጥላል።

ሰዓቱን ግን ይጠንቀቁ። ሰዓታችን የተቃኘው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ጅማ 36 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ላይ ናት። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ሲታሰብ የእኛ እኩለ ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ይዘገያል፤ ሚያዝያ 1 ላይ 6 ሰዓት ከ34 ገደማ ነው። ልክ 6 ሰዓት ላይ ከለኩ 15 ሳ.ሜ ጥላ ወደ ምዕራብ ያገኛሉ።

የበረዶ_ሂሳብ፦
ስለ 24 ሰዓቷ ፀሐይ። ልጆቹ ትክክል ጠይቀዋል፣ ጥያቄውን አያሳንሱባቸው። ሰኔ አጋማሽ ላይ ከአየር በላይ ከተለካ ሰሜን ዋልታ በቀን አማካይ በካሬ ሜትር 524 ዋት ገደማ ያገኛል፤ ምድር ወገብ 385 ገደማ። ዋልታው ይበልጣል!

ታዲያ የት ይጠፋል? ዋልታ ላይ ፀሐይ ከአድማስ 23.4 ዲግሪ በላይ ወጥታ አታውቅም። ጅማ ላይ በመጋቢት አጋማሽ ያን ከፍታ የምትደርሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ10 ገደማ ነው፤ እዚያ ቀኑን ሙሉ ከዚያ አታልፍም። ጨረሩ በአየር ውስጥ የሚጓዘው መንገድ ከአናት ከሚመጣው 2.5 እጥፍ ስለሚረዝም በመንገድ ይመጠጣል፣ ይበተናል። ከደረሰው ውስጥ አዲስ በረዶ ከመቶ 80 እስከ 90 ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል። የቀረው ደግሞ በረዶ ማቅለጥ ላይ ይውላል፦ 1 ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል፤ ያ ጉልበት 1 ኪሎ ውሃን ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ያደርሰው ነበር። ቴርሞሜትሩ ግን 0 ላይ ተገትሮ ይቀራል። ከዚያ የግማሽ ዓመቱ ሌሊት ይመጣል። የዓመቱ ድምር ሲሰላ፣ ከአየር በላይ እንኳ፣ ዋልታ የሚያገኘው ከምድር ወገብ ከግማሽ በታች ነው።

ነፋስና የውቅያኖስ ጅረት ከሐሩሩ ሙቀት ባያጓጉዙለት ኖሮ ልዩነቱ ከዚህም በባሰ ነበር።

ደቡብ ዋልታ ከሰሜኑ የሚብሰው ከሥሩ ውቅያኖስ ስለሌለውና ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስላለ ነው። አንታርክቲካ ውስጥ ቮስቶክ ጣቢያ ላይ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 21 ቀን 1983 ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ተለክቷል።

ደጋ_ቆላ፦
ሦስተኛውን እኔ ልመልስ። ጅማና ጋምቤላ በኬክሮስ ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው፤ እንዲያውም ጋምቤላ ትንሽ ወደ ሰሜን ትላለች። ልዩነቱ ከፍታ ነው፦ ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ፣ ጋምቤላ 500 ገደማ። አየር በአብዛኛው የሚሞቀው ከታች፣ ከመሬት ነው፤ ሲወጣ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይበርዳል። በአማካይ በ1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል፤ 1,200 ሜትር ሲባዛ 8 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። ልጆቹ ከከተማው ወደ ጅሬን ሲወጡ የሚሰማቸው ቅዝቃዜም ከዚያው ነው።

ይህ ግን ጨረሩ ደክሟል ማለት አይደለም። አየሩ ስለሚሳሳ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር ከፍታ ላይ ይጨምራል። ነሐሴ ላይ ፀሐይ አናት ላይ ሆና የማይሞቀው በክረምቱ ደመና ነው፤ ሙቀቱ የሚጠነክረው ከዝናቡ በፊት፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ነው።

መምህር_ከጅማ፦
እግዜር ይስጣችሁ። ነሐሴ እረፍት ስለሆነ ሚያዝያ 1ን ነው የምይዘው። ደመና ቢሆንብኝስ?

ቱምቢ፦
ሁለት ቀን ወደፊትም ወደኋላም ይቻላል፤ ጥላው ከ1.5 ሳ.ሜ አይበልጥም። የዘንጉ ውፍረት ከ1 ሳ.ሜ ያነሰ ይሁን፣ አለዚያ ያችን ጥላ ይሸፍናታል። ከ6:20 ጀምሮ በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ያስምሩ፤ ለዘንጉ በጣም የቀረበው ምልክት እኩለ ቀን ነው።