211 ቅንጣት አልደቅ ብሎኛል፤ የሚያውቅ ይርዳኝ

ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ሆኜ ዋይቢሲኦ (YBCO) የተባለውን ሱፐርኮንዳክተር ሴራሚክ፣ ማለትም በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ የሚያሳልፈውን፣ በማቅለጥ እየሠራሁ ነው። እቶኑ ከ1010 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ 123ቱ (ዋናው ሱፐርኮንዳክተር ውህድ፤ ቁጥሩ የኢትሪየም፣ የባሪየምና የመዳብ ድርሻ ነው) ይፈርስና ፈሳሽና አረንጓዴ 211 (በዚያው አቆጣጠር ሌላ ውህድ) ይሆናል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ፈሳሹ ውስጥ ትልልቁ ቅንጣት ትንሹን እየበላ ይፋፋል። በማይክሮስኮፕ ሳየው ጤፍ ስጠብቅ ባቄላ ነው! ካልደቀቀ ደግሞ መግነጢሳዊ መስመሮቹን ከቦታቸው እንዳይንሸራተቱ የሚይዝ በቂ የ211 እና የ123 ወሰን አይገኝም፤ በ77 ኬልቪን (በፈሳሽ ናይትሮጅን ቅዝቃዜ) የሚሸከመው ከረንት ይወርዳል።

ፕላቲነም እንደሚያደቅቅ አውቃለሁ፣ ግን በማን አቅም? ሴሪየም ኦክሳይድ ይሻለኛል። በክብደት ግማሽ ፐርሰንት ይበቃል ወይስ አንድ? 211ዱን አስቀድሞ በቦል ሚል (በኳስ መፍጫ) መፍጨትስ? ከ1010 በላይ ብዙ ባይቆይ ጥሩ ነበር፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ግን ቆይታውን የምወስነው እኔ አይደለሁም። እዚሁ ጣና ዳር የሞከረው ካለ፣ ቡናው በእኔ ነው።