የኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) ማጽጃ ውል ረቂቅና የነዋሪዎች አስተያየት፦ ብሎክ 4 ኮንዶሚኒየም፣ ኮምቦልቻ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ግንቦት ሳይገባ ለ14ቱም ኤሲ አንድ ባለሙያ በጋራ እንያዝ። ለአንዱ 600 ብር፣ በዓመት ሦስቴ። ፊልተር ያጥባል፣ ውስጡን ያጸዳል፣ የውኃ መውረጃውን ያያል። ክፍያው ከማኅበሩ መጠባበቂያ ገንዘብ ይወጣል። አስተያየት እስከ እሑድ።

ቤት 20፦ ከመጠባበቂያው? እኔ ኤሲ የለኝም። ቀን ሙሉ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር በብርድ ስጠበስ ውዬ ነው የምመጣው። የኮምቦልቻ ሙቀት ለኔ ጸጋ ነው። ለናንተ ቅዝቃዜ ለምን ልክፈል?

ሒሳብ ያዥ፦ 14 በ600 በ3፣ 25,200 ብር። ያለን 31,000 ነው። የፓምፑን ነገር የረሳ ካለ እኔ አልረሳሁም።

ቤት 11፦ ፓምፑን አሁን ምን አመጣው?

ሒሳብ ያዥ፦ ደረሰኙን አምጣና አላነሳውም።

ቤት 9፦ ፊልተር ለማጠብ ባለሙያ አያስፈልግም። ብሬከሩን አጥፉ፣ የፊት ክዳኑን ወደ ላይ ክፈቱ፣ ወንፊት የመሰለውን ሳቡት። መጀመሪያ አቧራውን በደረቁ አራግፉ። ከዚያ ከጀርባው በኩል ለብ ባለ ውኃ አጠቡት፤ ከ40 ዲግሪ አይብለጥ። ከባሰበት ትንሽ የዕቃ ሳሙና ጨምሩ። ጥላ ውስጥ አድርቁት፣ ፀሐይ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። ደንበኛ ሳይደርቅ አትመልሱት። በእኛ በጋ፣ በዚህ አቧራ፣ በየሁለት ሳምንቱ ነው መታጠብ ያለበት። በዓመት ሦስቴ ምን ሊፈይድ?

ቤት 17፦ በየሁለት ሳምንቱ መሰላል ላይ የሚወጣ ጉልበት ማን አለው? ያምና ባለሙያ ግን አይደገም። የሁላችንንም «ጋዝ አልቋል» ብሎ ሞልቶ፣ ብሩን አፍሶ ሄደ።

ቤት 9፦ ጋዝ እንደ ነዳጅ አያልቅም። ዝግ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው። ከጎደለ የሆነ ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው፣ መጀመሪያ ቀዳዳው ይፈለጋል። ያምናው ሰውዬ የማናችንንም ቀዳዳ አልፈለገም። አየር የቀነሰብን ፊልተሩ ስለተደፈነ ነበር። አየር ካላለፈ ቱቦው ላይ በረዶ ይጋገራል፣ ማሽኑ ሲጠፋ በረዶው ቀልጦ ሳሎን ውስጥ ይወርዳል። የመብራት ሒሳቡም አለ። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር የተደፈነ ፊልተር በንጹህ መቀየር የኤሲን ፍጆታ ከ5 እስከ 15 በመቶ ይቀንሳል ይላል።

ምድር 2፦ ፊልተር ፊልተር ትላላችሁ። የ17 ኤሲ በርበሬዬ ላይ እየተንጠባጠበ ነው። ትናንት ስጡን ብገልጠው ግማሹ ረጥቧል። ዕቅድ ካላችሁ ይኼን አቅዱ።

ቤት 17፦ እትዬ፣ ግቢው ሰፊ ነው። ከኔ መስኮት ሥር ካላሰጡ አይሆንም?

ምድር 2፦ አንተ ኤሲ ሳትገዛ ጀምሮ እዚያ ነው የማሰጣው። ፀሐይ ያለው እዚያ ነው። አንተ በኔ ሰማይ ላይ መጣህ እንጂ እኔ በመስኮትህ ሥር አልመጣሁም።

ቤት 13፦ የጋዝ ውኃ ነው እኮ የሚወርደው። ያንን በርበሬ ልጆች ሊበሉት ነው?

ምድር 2፦ እ! መርዝ ነው እንዴ?

ቤት 9፦ ጋዝ አይደለም። አየር ውስጥ ያለ እርጥበት ነው፣ ቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ውኃ ሆኖ ይወርዳል። ግን የቱቦውን አቧራና ሻጋታ አጥቦ ስለሚመጣ አይጠጣም። በርበሬም ላይ አይሁን። የረጠበውን ለዩት፣ ይሻግታል።

ቤት 13፦ እና ያው ነው።

ቤት 6፦ አብሽሩ፣ ተረጋጉ። እኔ እንኳ በባልዲ እያጠራቀምኩ ደረጃውን አጥብበት ነበር። ለዉዱእ ይሆን እንደሆነ ግን ኢማሙን ሳልጠይቅ አልናገርም።

ቤት 20፦ ሐጂ፣ እርስዎም? መጠባበቂያውን ማን እንደሚከፍል ጠይቄ ነበር።

ቤት 17፦ እንግዲያው ኤሲውን ነቅዬ ልጣለው?

ምድር 2፦ ንቀለው።

ቤት 17፦ እሺ! የሕፃን ልጅ ላብ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ የለም እዚህ። ከበርበሬ ይበልጣል።

ምድር 2፦ አምስት ያሳደግኩ ነኝ፣ ያለ ኤሲ። ለኔ ላብ አታስተምረኝ።

ቤት 9፦ ኧረ ነገሩ ቀላል ነው። የሁሉም ኤሲ ውኃ መውረጃ አለው። የ17 አጭር ሆኖ አየር ላይ ቀርቷል። ቱቦ ጨምሮ ወደ ቦዩ ማውረድ ብቻ ነው።

ቤት 11፦ የውጭ ግድግዳ የጋራ ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የተቋቋምን ማኅበር ነን፣ ማንም እንደፈለገ ቱቦ አይሰካም። ጉባኤ ይወስን። ከተሰካም የ14ቱም በአንድ ትልቅ ቱቦ ይውረድ። እኔ ነገ ፒያሳ ወርጄ ዋጋ አመጣለሁ።

ጸሐፊ፦ እናመሰግናለን። ዋጋው ሐሙስ ይድረሰን።

ቤት 13፦ አንድ ቱቦ ከሆነ ሥሩ በርሜል ይደረግ። ለአበባው ውኃ ይሆናል።

ቤት 6፦ ለደረጃው።

ምድር 2፦ ለኔ ግድ የለኝም፣ ከበርበሬው ይራቅ። አንተ 17፣ እስከ ማክሰኞ ቀን ቀን አትክፈተው። ማክሰኞ ወፍጮ ቤት እወስደዋለሁ። ማታ ሳነሣው ግን እንደፈለግክ።

ቤት 17፦ እሺ እትዬ። ቀን ቀን ልጁን እናቱ ጋ እወስደዋለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦ ሐሙስ አለፈ። 11?

ጸሐፊ፦ 11 ስልክ አያነሣም።

ቤት 20፦ ፓምፑም እንዲህ ነው የጀመረው።

ቤት 13፦ ቱቦው ከቆየ ለስጡ ጥግ እንሥራ። አራት ቋሚ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ምንም አይንጠባጠብበትም፣ ዝናብም ቢመጣ።

ቤት 6፦ ጥሩ ሐሳብ ነው። ቋሚው ከኔ።

ጸሐፊ፦ ተቃውሞ ከሌለ ረቂቁ ላይ ይግባ።

ምድር 2፦ ቆርቆሮ ሥር በርበሬ ይደርቃል እንዴ? ምን ነካችሁ?

ቤት 9፦ ለበርበሬ አይሆንም፣ ለፊልተር ማድረቂያ ግን ልክ ነው። ጥላ ነው የሚፈልገው።

ምድር 2፦ ከበርበሬዬ ጎን? ያንን የዓመት አቧራ? እንዳታስቡት።

ቤት 17፦ ትናንት የራሴን አጠብኩት፣ ከ9 ጋ። የወረደው ውኃ የቦርከና ወንዝ ጎርፍ ነው የመሰለው። አየሩ ተለቀቀ። ለካ ጋዙ አላለቀም። የውጭውን ማሽን ግን የመኪና ማጠቢያ ውኃ ልለቅበት ስል 9 ከለከለኝ፣ ግፊቱ ቀጫጭን ክንፎቹን ያጣምማቸዋል ብሎ።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ ሁለት። አንድ፣ የጋራ ቱቦ ለ14ቱ፣ ዋጋ ሲመጣ። ሁለት፣ በርሜል። ሦስት፣ የቆርቆሮ ጥላ፣ ቦታው ይወሰናል። አራት፣ ፊልተር እያንዳንዱ ራሱ ያጥባል፣ 9 ለፈለገ ያሳያል። የባለሙያው ውል ወጥቷል።

ቤት 9፦ አንድ ሁለት ቤት ብዬ ነበር እንጂ ለ14 ቤት አላልኩም። ፈረቃ አለብኝ።

ቤት 20፦ ቆርቆሮውም ከመጠባበቂያው?

ቤት 13፦ የጋራ ጥላ ነው እኮ፣ አንተም ትቀመጥበታለህ።

ቤት 20፦ ወንበር ካለው እከፍላለሁ።

ጸሐፊ፦ አምስት፣ ወንበር።

ሒሳብ ያዥ፦ ዋጋ ለሌለው ነገር ድምፅ አይሰጥም። የቱቦ፣ የበርሜል፣ የቆርቆሮና የወንበር ዋጋ በወረቀት ይምጣልኝ፣ ከሁለት ሱቅ። ደግሞ የማኅበሩን መሰላል ከ9 እና ከ17 በኋላ የወሰደው ማነው? 11 ከሆነ፣ እሱን የምታገኙት ንገሩት።