ዲግሪ ይዞ ኢንግላንድ ውስጥ ሕክምና መማር፦ የክፍያው ነገር ግራ አጋብቶኛል

ሰላም ወገኖቼ፣ የምታውቁ እርዱኝ። በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። በዩካስ (የዩኬ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ማመልከቻ ድርጅት) ለሕክምና የሚፈቀደው አራት ምርጫ ብቻ ነው፤ ማመልከቻው የሚዘጋው ደግሞ ኦክቶበር 15 ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነው።

የተመራቂዎቹ የ4 ዓመት ኮርስ፣ ክፍያው 9,250 ፓውንድ በነበረ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ዓመት 3,465 ከኪስ ይከፈል ነበር፤ የቀረውን 5,785 የተማሪ ብድር ይሸፍነዋል። ከ2ኛ ዓመት ጀምሮ ኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎቱ) ከፊሉን ይከፍላል። መደበኛው የ5 ዓመት ኮርስ ግን ዲግሪ ላለው ሰው የትምህርት ክፍያ ብድር የለውም፤ የኤንኤችኤስ ድጋፍ የሚመጣውም 5ኛው ዓመት ላይ ነው። በዚያው ሒሳብ አራት ዓመት ሲባዛ 37,000 ፓውንድ! የኑሮ ብድሩ ለቤት ኪራይና ለምግብ እንኳ አይበቃም። አሁን ደግሞ ክፍያው ጨምሯል።

ከመግቢያ ፈተናዎቹ የዩካት ውጤት የሚያገለግለው ለአንድ ዙር ማመልከቻ ብቻ ነው፣ የጋምሳት ግን ለ2 ዓመት። ታዲያ አራቱንም ምርጫ ለ4 ዓመቱ ላውለው? ፉክክሩ በጣም ያስፈራኛል። ወይስ አንዱን ለ5 ዓመቱ ልተወው? የመጀመሪያውን ዓመት የኪስ ድርሻ በየተርሙ ከፋፍሎ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ የምታውቁስ አላችሁ?