ከኮሌጅ በኋላ የት እንዝለል? የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ፣ ጅማ

አሠልጣኝ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ለጅማ ዩኒቨርሲቲ የምናቀርበውን ረቂቅ ከማስገባታችን በፊት ዋናው ነገር ላይ እንስማማ። ሯጭ ኮሌጅ ሲጨርስ ጫማውን አስሮ አስፋልት ላይ ይወጣል። ምርኩዝ ዘላይ፣ ማለትም በረጅም ዘንግ ተደግፎ ከፍ ያለ አግዳሚ የሚሻገር ስፖርተኛ፣ ግን መታወቂያውን ሲመልስ የሚያርፍበት ፍራሹም፣ ምርኩዙም፣ ሜዳውም አብረው ይቀሩበታል። ብዙው ዘላይ ደግሞ ገና የሚበስለው ከዚያ በኋላ ነው። ያሳዝነኛል። ስለዚህ «አዲስ ሜዳ ይሠራልን» ብለን አንጀምር። ያለው ሜዳ ለተመራቂም ይከፈት እንበል። አሜሪካዊው ክሪስ ኒልሰን ያደረገው ይህንኑ ነው። ከሳውዝ ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ከአሠልጣኙ ከዴሪክ ማይልስ ጋር እዚያው ቀጠለ፤ በቶኪዮ ኦሊምፒክ 5.97 ሜትር ዘሎ የብር ሜዳሊያ ወሰደ። ሌላም መንገድ አለ። በ1984 እ.ኤ.አ. ኦሊምፒክ ነሐስ ያገኘው ኧርል ቤል፣ አርካንሳስ ውስጥ ጆንስቦሮ ላይ የራሱን ማሠልጠኛ ከፍቷል። ይህ መንገድ ግን ለኛ ገና ሩቅ ነው።

አባል (የቀድሞ ዘላይ)፦ ጋሼ፣ በሐሳቡ እስማማለሁ። ግን የጅማን ዝናብ አንርሳ። ፍራሹ ውስጡ ስፖንጅ ነው፤ አንዴ ውኃ ከጠጣ ቶሎ አይደርቅም፣ ይበሰብሳል። ሸራ፣ ከመሬት የሚያነሳው የእንጨት ርብራብም በረቂቁ ይግቡ። ምርኩዙ የሚተከልበት ሳጥንም 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት አለው። ክዳንና ማፍሰሻ ከሌለው ክረምት ሙሉ ውኃ ያቁራል።

ገንዘብ ያዥ፦ የሸራውንና የርብራቡን በመዋጮ እንወጣዋለን። ፍራሽ መግዛት ግን አቅማችን አይደለም። ምርኩዝስ አንድ ብንገዛ አይበቃም?

አሠልጣኝ፦ አይበቃም፣ እህቴ። እያንዳንዱ ምርኩዝ ላይ የክብደት ልክ ተጽፎበታል። ከዚያ በላይ የሚከብድ ሰው ቢዘልበት ሊሰበር ይችላል፤ በዚህ ጉዳይ ቀልድ የለም። የተለያየ ልክ ያላቸውን በጋራ እንያዝ። ደግሞ አራት አምስት ሜትር የሚረዝም ዕቃ ባጃጅ አይጭነውም። እዚያው ሜዳው አጠገብ ማስቀመጫ እንጠይቅ።

አባል (መምህር)፦ በባዶ እጃችን አንሂድ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች አሉት። የኛ ተመራቂዎች በሳምንት ሁለት ቀን ተማሪዎቹን ያሠልጥኑ፤ በምላሹ ከ11 ሰዓት በኋላ ሜዳው ይፈቀድልን። እንዲህ ከሆነ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል።

ጸሐፊ፦ ግሩም ነው፣ የመምህሩን ሐሳብ መጀመሪያ ላይ አስገብቼዋለሁ። ቀጥሎ ማስቀመጫው፣ ከዚያ ሸራውና ርብራቡ። ብቻውን ማንም እንዳይዘል የሚል አንቀጽም ጨምሬያለሁ። የማስቀመጫውን ቁልፍ ማን ይያዝ የሚለው ቦታ ባዶ ነው። እስከ ዓርብ ሰው ጠቁሙ።